ወደ ውስጥ የተሳበ እሺ

፩

ሰርጉ ቀረ።

ቀረ ስልሽ! ለጊዜውም ቢሆን።

ማን አስቀረው? እኔ። በምን? በትንፋሽ። ቆይ አትሳቂ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

፪

የልጄ ልጅ ውብርስት ጃፓን አገር ገብታ ታኩያ የሚባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ ወደደች። ልጁን ያሳደገችው አያቱ ናት፣ ፉሚኮ። እሷ «ይሁን» ካላለች ሰርግ የለም። እሷ ደግሞ «የልጅቷ አያት መጥታ በአፏ ትስጠኝ» አለች። በአፏ! ይኸው እኔ ከወልድያ ተነስቼ ባሕር ዳር ዱብ። ከተማው አይደለም፣ የእውነቱ ባሕር ዳር።

፫

መጀመሪያ አገር አሳዩኝ። ባሕሩ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ቆሟል፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። በወፍራም የገለባ ገመድ ታስረዋል።

«ባልና ሚስት ናቸው፣ እማማ» አለችኝ ውብርስት።

«ማን አሰራቸው?»

«ሰው ነዋ። ገመዱ ሲያረጅ ደግሞ ይቀይሩላቸዋል።»

«ታድለው! የእኔና የአያትሽ ሲያረጅ ማን ቀየረልን?»

ሰዉ ሁሉ ፎቶ ያነሳል። እኔ ሚስቲቱን ነው ያየኋት። ጀርባዋን ሰጥታዋለች።

ተኳርፈዋል።

፬

ከዚያ የባሕር ጠላቂ ሴቶች ጎጆ ወሰዱኝ። ፉሚኮ በዚያ ዕድሜዋ ባሕር ውስጥ ጠልቃ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር በእጇ ለቅማ የምትወጣ ሴት ናት! ጓደኞቿም እንደሷው አሮጊት። ሲወጡ እሳት ከበው ይሞቃሉ። እና ያማሉ። አንድ ቃል አልሰማም፤ ግን ድምፅ ሲቀንስ፣ ዓይን ወደ በር ሲሄድ፣ ይሄ ሐሜት ካልሆነ ምንድነው? የምትታማዋን ባላውቃትም ከንፈሬን መጠጥኩላት። ሻይ ጨመሩልኝ።

፭

ሴቶቹ ሄዱ፣ ውብርስትም ታኩያን ልትጠራ ወጣች። ሁለት አሮጊት ቀረን። ፉሚኮ የሚያስተረጉመውን ስልኳን አወጣች። የተባባልነው ይኸው፦

ፉሚኮ፦ (ለስልኩ ብዙ አወራች።)

ስልኩ፦ ሴት ልጅን ለወንድ ልጅ ይሰጣሉ ወይ?

እኔ፦ «          »

(እዚህ ባዶው ላይ ትንፋሽሽን በአፍሽ ሳብ አድርጊ። አዎ ስንል እንደምንስበው። ፊደል ፈልጌለት አጣሁ።)

ስልኩ፦ ምንም አልተሰማም።

ፉሚኮ፦ (ፊቷ ተለወጠ። ደግማ ጠየቀች።)

ስልኩ፦ ይሰጣሉ ወይ?

እኔ፦ «                              »

(ይሄኛውን ደንቆሮም እንዲሰማው አድርጌ ነው የሳብኩት።)

ፉሚኮ እስከ መሬት ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። የመጥለቂያ ልብሷን ለበሰችና ወጣች። እኔ ሞኟ፣ ለሰርጉ ልትለቅም ነው ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

፮

«እማማ! ፉሚኮ አኩርፋ ባሕር ገባች! ምን አልሻት?»

«እሺ ነዋ!»

«እንዴት ብለሽ?»

«          »

ውብርስት ጭንቅላቷን ያዘች። «እዚህ አገር እንደሱ ከሳብሽ እኮ ‹ይከብደኛል፣ አይሆንም› ማለት ነው!»

«ታዲያ እሺ ሲሉ ትንፋሻቸውን የት ያደርጉታል?»

«ሃይ ነው የሚሉት።»

«ምን?»

«ሃይ። አዎ ማለት ነው።»

ሃይ!

እኛ ላም ማሳ ስትገባ፣ ልጅ ሲያስቸግር የምንለውን! የኛ እሺ እነሱ ጋ እምቢ፣ የኛ ቁጣ እነሱ ጋ እሺ። ልስቅ ስል የልጅቷን እንባ አየሁ። ተውኩት።

(ትንሽ ስቄያለሁ።)

፯

ነጠላዬን ታጥቄ እስከ ጉልበቴ ባሕር ውስጥ ገባሁ። ፉሚኮ ሩቅ ናት። ጭንቅላቷ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል።

«ሃይ!» አልኩ።

አልሰማችም።

«ሃይ! አንቺ ሴትዮ! ሃይ ብያለሁ እኮ! ውሰጃት!»

ዳር ላይ የተኛ ውሻ ተነስቶ ሸሸ።

፰

ብቅ አለች።

ሌላ ጊዜ ስትወጣ ትንፋሿን ወደ ውጪ ታፏጨዋለች፣ የጠላቂዎች ወግ ነው። አሁን አላፏጨችም። አየችኝ። አፏን ከፈተች። ወደ ውስጥ፦

«                    »

በነሱ ነው? በኛ ነው? ወይስ አየር አጥሯት ነው?

«እማማ፣ ምን አለች?» ትላለች ውብርስት ከኋላዬ። እጄን ይዛ ትጎትተኛለች።

አንቺም ሰምተሻል። ንገሪያት እንጂ፣ በትንፋሽሽ።

፱

«                                        »