ሐረጎ ላይ የቆመው ጀግና

አቶ ይመር ሙሄ ከሹፍርና ጡረታ በወጡ በዓመቱ ቴሌቪዥን ውስጥ ሥራ ያዙ።

ልጃቸው ሉባባ ይህን ያወቀችው ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ያለውን ጌም ቤቷን በከፈተችበት አንድ ጠዋት ነው። እንደ ወትሮዋ ቴሌቪዥኑን አበራች፤ ጆይስቲኮቹን ወለወለች፤ ደንበኞቿ የሚወዱትን የጀግኖች ድብድብ ከፈተች። ተጫዋች በሚመረጥበት ገጽ ላይ ጀግኖቹ ደረታቸውን ነፍተው ተደርድረዋል። በመብረቁ ሰውዬና በበረዶዋ ሴትዮ መካከል አባቷ ቆመዋል። ቡናማ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ናቸው። አንገታቸው ላይ ቀይ ካባ ታስሮላቸዋል፤ እንዳይቆሽሽ ይመስላል፣ ጫፉን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገውታል።

ሉባባ ዞር ብላ በሩ ጋ ያለውን ወንበር አየች። አባቷ ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሻዩ አለ፤ ገና ይተናል። እሳቸው የሉም።

ለምሳ መጡ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ ብለው ወጡ፤ የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉ፤ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ሉባባ ምን ሆነው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሥራ ማግኘታቸውን፣ ቤት መዋል አሰልችቷቸው እንደነበር፣ ሰዎቹም ደህና ሰዎች መሆናቸውን ነገሯት። መብረቁ ሰውዬ ትንሽ ችኩል ነው አሉ፤ ግን ክፋት የለበትም።

"እዚያ እኮ ይመታሉ፣ አባባ።"

"የጅቡቲ መንገድ ያላደረገኝን ምን ያደርጉኛል?" አሉና ሽሮውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

ደንበኞቹ መጀመሪያ የመረጧቸው ለሳቅ ነበር። ጌም ቤቱ ውስጥ የሚጫወቱት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛ ይቀመጣል። አቶ ይመር ግን ቡጢ አይሰነዝሩም። በሕይወታቸው ሰው መትተው አያውቁም፤ ጀግና ከሆኑም በኋላ አልጀመሩም። ሌሎቹ እሳት ሲተፉና ሕንፃ ነቅለው ሲወራወሩ፣ የእሳቸው ኃይል ክላክስና ፍሬን ብቻ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ የከባድ መኪና ክላክስ ይወጣል፤ ባላጋራቸው ሳያስበው ጥጉን ይይዝላቸዋል። ቀኝ እግራቸውን ረገጥ ሲያደርጉ ደግሞ የመጣባቸው ቡጢ ሲጢጥ ብሎ አፍንጫቸው ሥር ይቆማል። በዚህ ብዙ ጊዜ ማሸነፍ አይቻልም። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ግን ግጥሚያው ሲያበቃ ባላጋራቸውን ከወደቀበት ያነሱታል፣ ወይም ያነሳቸዋል፤ ትከሻውን አራግፈው ደህና መሆኑን ይጠይቁታል። እሱ "ደህና ነኝ" ሳይል ቀጣዩ ግጥሚያ አይከፈትም።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። አራጋው የሚባል ባጃጅ ነጂ፣ ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት አንዴ ተጫውቶ የሚሄድ ጎልማሳ፣ ከእሳቸው ሌላ ሰው መምረጥ አቆመ። በእሳቸው ተጫውቶ ተሸንፎ እንኳ ሲወጣ ቀኑ ይቀናዋል። ሉባባ በበኩሏ ጭንቅላታቸውን መምታት ክልክል መሆኑን ለሁሉም ተናገረች። ደንበኞቹም አከበሩላት። እጁ ያመለጠው ሰው ጆይስቲኩን አስቀምጦ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ይልና "አፉ ይበሉኝ፣ ጋሽ ይመር" ይላል፤ እሳቸውም አፉ ይሉታል። ማታ ማታ ትከሻቸውን በቅባት ታሻቸዋለች።

እሳቸው የሚወዱት ትሬኒንግ የሚባለውን ነው። እዚያ ባላጋራ አይመታም፤ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲሳሳ ሉባባ እሱን ትከፍትላቸዋለች። አባቷና በረዶዋ ሴትዮ ባዶው ሜዳ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ፤ ሉባባ በዚህ በኩል ምስር ትለቅማለች። እሷ ቀና ስትል እሳቸውም ቀና ይላሉ። እናቷ የሞተችው ሉባባ ገና ጡት ሳትጥል ስለሆነ ከአባቷ ሌላ አሳዳጊ አታውቅም፤ እንዲህ ጎን ለጎን ሆኖ ዝም ማለት ለሁለቱም የኖሩበት ነው።

አንድ ቀን አቶ ይመር ለምሳ እንግዳ ይዘው መጡ። በረዶዋ ሴትዮ ነበረች። ሉባባ እትዬ በረዶ እያለች አስተናገደቻት። ሴትዮዋ የያዘችው ጉርሻ ወዲያው በረዶ ይሆናል፤ እሷ ግን ቀርጨም ቀርጨም እያደረገች በደንብ በላች። አባቷ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ሲወጡ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ ተናገረች።

"ስቶሪውን የሚጫወትላቸው የለም። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመዋል።"

ሉባባ አልገባትም። እትዬ በረዶ አስረዳቻት። እያንዳንዱ ጀግና ስቶሪ ሞድ ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። ጌም ቤት ውስጥ ታሪክ የሚጫወት የለም፤ ረጅም ነው፣ ተረኛ ይጠብቃል። ስለዚህ መራጭ ያጣ ጀግና ሁሉ ታሪኩ የቆመበት ቦታ ሄዶ ይጠብቃል። አቶ ይመር የሚጠብቁት ወደ ደሴ በሚወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ ነው፤ ጉም ውስጥ፣ ሞተሩ ያልጠፋ ኤንትሬ የጭነት መኪና አጠገብ።

ሉባባ እናቷ ሐረጎ ላይ መሞቷን ታውቃለች። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ሲወስዷት፣ ዳገቱ ላይ፣ መኪና ውስጥ። ከዚያ ያለፈ አባቷ ተናግረው አያውቁም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

"እኔ እጫወትላቸዋለሁ፤" አለች።

"ተጫወቺ። ታሪኩ ያለቀ ግን ለምሳ አይመጣም፤" አለች እትዬ በረዶ፤ ሚጥሚጣ እንድትጨምርላትም ጠየቀቻት።

ሉባባ አልተጫወተችም። በምትኩ አባቷ ምሳ ላይ ሲመጡ እጃቸውን ይዛ ታሞቃለች። የሱፍ ጓንት ገዛችላቸው፤ አድርገውት ሄዱ። ደንበኛ እንዲመርጣቸው ታግባባለች፤ የተመረጡ እንደሆነ ጉም ውስጥ አይቆሙምና። አራጋው ነገሩን ሰምቶ ከሥራ መሀል እየመጣ ይመርጣቸው ጀመር፤ ባጃጁን በር ላይ እንዳቆመ፣ ተሳፋሪው ውስጥ እንደተቀመጠ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ምሳ ላይ አቶ ይመር ሳል ያዛቸው። ሲያስሉ ከአፋቸው ጉም ወጣ። ጉሙ ጠረጴዛውን ሸፈነ፣ ከዚያ መሶቡን፤ አባትና ልጅ እየዳበሱ በሉ። ሉባባ መስኮቱን ከፈተችና ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፊታቸው በደንብ አይታይም።

"ይበርድዎታል፣ አባባ።"

"ብርዱን ለምጄዋለሁ። መኪና አስነስቶ መቆም ግን ሞተር ይገድላል።"

"ካለቀ አይመጡማ።"

አቶ ይመር ጓንታቸውን ከጠረጴዛው ላይ ዳብሰው አነሱ። ከዚያ እሳቸው አንድ ነገር እንደሚፈሩ ነገሯት፤ አንድ ቀን የማያውቁት ተጫዋች ገብቶ ሥራ ፈትቶ ይከፍተውና፣ መሀል ላይ ሰልችቶት ጥሎት ይሄዳል ብለው።

"አንቺ ብትይዥው ደስ ይለኛል፤" አሉ። ጓንታቸውን አጠለቁና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገቡ።

እሁድ ጠዋት ሉባባ የጌም ቤቱን በር ከውስጥ ዘግታ ስቶሪውን ከፈተች። ዕድሜዋን ሙሉ ጆይስቲክ ስትወለውል እንጂ ስትጫወት አልኖረችም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ቦርከና ወንዝ ላይ ነው። አባቷ ቀጭን የመኪና ረዳት ናቸው፤ ባላጋራቸው ጎርፉ ነው። ሉባባ ክላክሱ የት እንዳለ እስክታገኝ ጎርፉ ደጋግሞ ወሰዳቸው። ስታገኘው ጎርፉ ጥጉን ያዘና አሳለፋቸው። ሁለተኛው ሚሌ በረሃ ላይ ነው። ፀሐይ እጅጌዋን ሰብስባ ከሰማይ ወረደች፤ ፍሬን ተያዘባት፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ቆማ ዋለች፣ ተሸንፋ ተመለሰች።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የእናቷ አባት ሐጂ እንድሪስ ከዘራቸውን ይዘው ከግቢያቸው ወጡ። ልጄን ለሹፌር አልሰጥም አሉ። ሉባባ አያቷን የምታውቃቸው ማንቆርቆሪያ ማንሳት ሲያቅታቸው ነው፤ እዚህ ግን እንደ ነብር ናቸው። ክላክሱ አልበገራቸውም፤ ከዘራው በፍሬን አይቆምም። ደጋግማ ተሸነፈች። በመጨረሻ ላብ የያዘው ጣቷ አዳልጦት ነክታው የማታውቀውን ቁልፍ ነካች። አባቷ ጉልበታቸውን አጥፈው ዝቅ አሉና የአያቷን ጉልበት ሳሙ። ከላይ የተሰመረው የሐጂ እንድሪስ ኃይል በአንዴ ባዶ ሆነ። ከዘራቸውን ጥለው አማቻቸውን አነሱ። ሉባባ ብቻዋን ሳቀች።

አራተኛው ምዕራፍ ነጭ ነበር።

ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰላት። ቀስ ብሎ የኤንትሬው መብራት ታየ፤ ከዚያም መሪው ኋላ የተቀመጡት አባቷ። የባላጋራው ስም ከላይ ተጽፏል፤ ጉም ይላል። ክላክስ ነፋች፤ ጉሙ ዋጠው። ፍሬን ያዘች፤ ጉሙ ድሮም የቆመ ስለሆነ ምንም አልሆነም። ያገኘችውን ሁሉ መታች። የጉሙ ኃይል እንደ ሞላ ነው፤ የአባቷ ግን ይቀንሳል። ጎናቸው ያለው ወንበር ላይ በነጠላ የተሸፈነ ሰው ተቀምጧል።

አቶ ይመር ዓይናቸውን ከመንገዱ አንስተው ወደ ልጃቸው አዩ።

"ሉባባ፣ መምታቱን ተይው። ዝም ብለሽ ወደፊት ያዥው።"

ወደፊት ያዘችው። መኪናው ተንቀሳቀሰ። አውራ ጣቷን ላላ ስታደርግ ይቆማል፤ ስትጫን ይሄዳል። ከጉሙ ኃይል ላይ የፀጉር ያህል ተቀነሰ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ አለፈ። ሌላ መጣ። ውጭ የዙሁር አዛን ተሰማ፤ አልለቀቀችም። ዝናብ ቆርቆሮውን መታው። አራጋው በሩን አንኳኩቶ ጠራት፤ ዛሬ ዝግ ነው አለችው። ገባውና የዝናቡን ፍንጣቂ ሸሽቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አውራ ጣቷ ደነዘዘ፤ በሌላኛው እጇ ደግፋ ያዘችው።

ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነጠላውን ገለጠ። ሉባባ በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ የምታውቃት እናቷ ከድጃ ናት፤ በዕድሜ ከእሷ ከራሷ በብዙ ታንሳለች። ከንፈሯ ደርቋል።

"ልጅቷን ለማን ተውካት?" አለች።

"መሪውን የያዘችው እሷ ናት፤" አሉ አቶ ይመር።

ከድጃ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ ወደ ውጭ ተመለከተች። ሉባባን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ሻሿን አስተካከለች፤ እንግዳ ሰው ፊት እንደሚደረገው። ሉባባም ሻሿን ማስተካከል አማራት፤ እጆቿ ግን ተይዘው ነበር። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ጆይስቲኩ ላይ ተንጠባጠበ።

"አንተን ትመስላለች፤" አለች ከድጃ። ወደ ኋላ ተደግፋ ትንፋሿን ሳበች፤ ትንፋሿ አልተቆረጠም።

ጉሙ ያለቀው ደሴ ከተማ መግቢያ ላይ ነው። መኪናው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከድጃ በገዛ እግሯ ወረደች፤ በሩ አልዘጋ ሲላት ደግማ ወረወረችው። አቶ ይመር ሞተሩን አጠፉ። ያኔ ሉባባ ጌም ቤቱ ውስጥ ከመጀመሪያውም አንድ ድምፅ እንደነበረና አሁን ዝም እንዳለ አወቀች።

አባቷ ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ቀረቡ። አውራ ጣቷን እንድታሽ፣ ምሳም ስላልበላች አንድ ነገር እንድትቀምስ ነገሯት። በሩ ላይ ሰው እየረጠበ መሆኑንም አስታወሷት። ከዚያ ቀና ብለው፦

"ነድተሽዋል፣ ልጄ፤" አሉ።

ከድጃን ተከትለው በእግራቸው ሄዱ። የእርምጃቸው ድምፅ ከምስሉ ትንሽ ቆየት ብሎ ጠፋ።

ሰኞ ሉባባ ለሁለት ሰው ምሳ ሠራች። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የወጣ የለም። አራጋው መጣና ሌላውን ሳህን በላ፤ ሲጨርስ ሳህኑን ራሱ አጠበው። ሽሮው ጥሩ እንደነበር ነገራት፤ ማክሰኞም እንደሚመጣ ነገራት። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጨዋታውን ከፈቱ።

ጀግኖቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። መብረቁ ሰውዬ፣ እትዬ በረዶ፣ የቀሩትም፤ የአቶ ይመር ቦታ ባዶ ነው። አራጋው አንዱን መረጠ፤ አልዞረም። ሌላ መረጠ፤ እሱም አልዞረም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከሜዳው ማዶ በጣም ሩቅ ወደሆነ ነገር ያያሉ። እትዬ በረዶ እጇን ዘርግታ ዓይኗን ከፀሐይ ጋርዳለች።

በሩ ላይ ያለፈች ጎረቤት፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ በሰፈሩ ሁሉ እንደጠፋ፣ እናንተ ጋ መጥቷል ወይ ብላ ጠየቀች። ሉባባ በርቶ ያለውን ቴሌቪዥን እያየች አልመጣም አለቻት።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጀግኖቹ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው ተራ በተራ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ አላወረዱትምም።