የታየች ፍልሰታ

“ዛሬ ኬሞው አይሰጥም” አለ ሐኪሙ፣ የደም ምርመራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። “ደምዎ ወርዷል። ካለፈው ዙር ወዲህ ሦስት ኪሎ ቀንሰዋል። ምግብ ይበላሉ?”

“እበላለሁ” አለች ታየች ቶሎ ብላ።

“ኧረ በደንብ ነው የምትበላው!” ልጇ አይናለም ቀበል አደረገች። “በየጠዋቱ ሁለት እንቁላል ቀቅዬ ሰጥቻት ነው ከቤት የምወጣው።”

ታየች አንገቷን ደፋች። እንቁላሉስ በየጠዋቱ ይቀቀላል፤ የሚበላው ግን የጎረቤት ውሻ ነው። ፍልሰታ ከገባች ሳምንቷ ሲሆን፣ በዚህች ሳምንት ውሻው ወዝቶ ታየችን ባየ ቁጥር ጭራውን መቁላት ልማድ አድርጎታል።

“እማማ፣ ይስሙኝ” አለ ሐኪሙ። “ማህፀንዎ በር ላይ ያለው እጢ በሁለቱ ዙር ጠቧል። በሦስተኛው ይበልጥ ካነሰልን በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን። መድኃኒቱ ከዘገየ ግን መልሶ ሊያድግ ይችላል። ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ላይቻል ይችላል። አንድ ሳምንት ልስጥዎ፤ ይብሉና ይምጡ።”

ከበሩ እንደወጡ አይናለም የእናቷን ክንድ ያዘች።

“እንቁላሉ የት ሄደ?”

“ለውሻው ሰጠሁት።”

“ለውሻ! የንስሐ አባትሽ አባ ወልደ ሰንበት ለሕመምተኛ ጾም የለም ብለው ፈትተውሽ የለም?”

“እሳቸውማ ፈትተውኛል፤ ልቤ መች ፈታኝ? ሕፃን እንኳ የሚጾማትን ፍልሰታ ሽሬ ብሞትስ? በምን አፌ አምላኬ ፊት ልቀርብ ነው?”

“ብትኖሪስ፣ እማዬ?” አለችና አይናለም እንባዋ ቀደማት።

ታየች በሽታው ከተነገራት ጀምሮ የምትሰናዳው ለመሞት ነበር። ለካ መኖርም ዝግጅት ይፈልጋል! የልጇን እንባ ስታይ ደነገጠች፤ በራሷም አፈረች።

የነሐሴ ዝናብ መውረድ ሲጀምር ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት ሮጠው ገቡ። እዚያ የሮብ ገበያ ሰፈር ጎረቤቷና የጽዋ ማኅበርተኛዋ የኔዓለም ተቀምጣለች።

“ታየችዬ! ነይ ቁጭ በይ። እኔ እንኳ ዝናቡን ሸሽቼ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። አንቺም ያው ነሽ መቼም። በዚህ ሕመምሽ ጾምሽን አለመሻርሽን ለማኅበሩ ሁሉ ሳወራልሽ ነው የከረምኩት።”

አይናለም ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ አለችና “ሌላ ቤት እንሂድ” አለቻት።

“እዚሁ ነው” አለች ታየች፤ አስተናጋጇንም ጠራች። “ልጄ፣ ወተት አለ?”

“ጾም እኮ ነው፣ እማማ። ለሕፃናት ብለን ያስቀመጥናት ትንሽ ብቻ ናት ያለችው።”

“እሷኑ አፍይልኝ።”

የኔዓለም አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ወተቱ መጣ። ታየች ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም። የኔዓለም እያየቻት ብርጭቆውን እስከ ታች ጨለጠችው።

“ድገሚኝ” አለች።