የጠራችው አምባር

በጨው ባሕር ዳር ሹላይ ሲባል የማያውቅ የለም፤ ዓሣ ቢኖርበት ኖሮ ዓሣውም ያውቀኝ ነበር። ከባሕሩ ሆድ ከሚወጣው ዝፍት ትልቁን ጓል በሬ፣ ትንሹን ጥጃ እንለዋለን። ግብፆች ሬሳቸውን የሚቀቡት እኔ በፈለጥኩት ነው ቢባል ውሸት አይደለም። መጀመሪያ መጥረቢያውን ያሳረፈ፣ በሬው የእሱ ነው። እኔና የታንኳ ባልንጀራዬ ተይሙ ግን ስንካፈል ኖረናል።

በሬ ሊወጣ ሲል ባሕሩ ይገማል፤ የሴቶቹም የብር ጌጥ ይጠቁራል። ያን ሰሞን የሚስቴ የሐጊሩ ጉትቻ ከሰል መሰለ። ተይሙ ድንኳን ብቅ ብል የሚስቱ የገሚላት አምባር እንደ ፀሐይ ታበራለች። አጠገቧ ዐመድ የነካው ጨርቅ ወድቋል።

«ሽታው አንቺ ጋ አልደረሰም እንዴ?» አልኳት።

«አፍንጫህም እንደ ወሬህ ረዘመ» ብላ እጇን በቀሚሷ ሸፈነች።

ለምን ትሸፍናለች? ምልክቱን በዐመድ እየፈገፈጉ እኔን አዘናግተው በሬውን ብቻቸውን ሊያርዱ ነዋ። ተይሙም የታንኳው ደንገል ላልቷል፣ ዛሬ አንወጣም አለኝ። ፂሙን ደግሞ ዘይት ቀብቷል። ለዝፍት ማን ዘይት ይቀባል?

ሦስት ሰው የሚያቅተውን ታንኳ ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። እስኪመሽ ዞሬ ያገኘሁት አንዲት ጥጃ ነው፤ ዝሆን የምታህል ጥጃ።

ስመለስ ተይሙና ገሚላት እኔው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ለካ ልጄን ሻቂላትን ለልጃቸው ሊጠይቁ ነው። አምባሯ የእጮኛ ስጦታ ነበረች፤ የጠቆረ ብር ለሙሽራ አይሰጥማ።

«አባትየው ሸሸ ብለን ልንነሳ ነበር» አለ ተይሙ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ባልንጀራም ልጅ መዳሪያም በአንድ ቀን ሊያመልጠኝ ነው።

ለድግሱ በሬ ላመጣ ነው የሄድኩት ብዬ ጥጃዬን ዘረገፍኩ።

ገሚላት በእግሯ ገፋ አደረገቻት። «ይቺ ለግብፆች ድመት ሬሳም አትበቃም» አለች። ሐጊሩ ሳቀች፤ ተይሙም ሳይወድ ሳቀ። ሻቂላት አምባሯን ልታጠልቅ እጇን ዘረጋች።

አምባሯ ግን እኔን ስትጠብቅ ጠቁራ ነበር። ሁላችንም እኩል አየናት። እኔና ተይሙ ወደ ታንኳው ሮጥን፤ መጥረቢያችን በበሬው ላይ እኩል አረፈ። ተራራ ያህል ነበር። ተይሙ ድንኳን ነው የሚያህለው ይላል፤ ቅናት ነው።

ሻቂላት ዛሬ ተድራ እነተይሙ ዘንድ ናት። ልትጠይቀን ስትመጣ አምባሯን ጠርታ ካየኋት፣ በዐመድ ፈግፍገዋት ይሆናል ብዬ፣ እኔ ምሳዬን የምበላው ታንኳው ላይ ነው።