ሞቅ ያለ ውሃ

ባለታክሲው ምላሱን አወጣላት።

«እስቲ እይልኝ» አለ ምላሱን መልሶ ሳያስገባ፣ ቃሉ እርስ በርሱ እየተጣበቀ። «እዚህ ጋ፣ ጎኑ ላይ። ነጭ ነገር አይታይሽም?»

ታያት። ነጩም ታያት፣ ነጩ ላይ የተለጠፈው ያልተዋጠ ዳቦም ታያት። ከሰውየው ትከሻ ኋላ ለቀስተኛው አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተደርድሮ ቡናውን ፉት ይላል፤ አባቷ ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«እኔ ምኑን አውቄው?»

«ኧረ በናትሽ አትኩሪብኝ! ሐዘን ላይ መሆንሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ዶክተር እንዲህ በደጅ አይገኝም፤ ተመልሰሽ ሳትሄጂ ብዬ ነው።»

ዶክተር። ቃሉን ከትናንት ጀምሮ ስትሰማው ነበር። መቃብሩ አጠገብ አንዱ «ዶክተሯ ደረሰች» ሲል፣ ውጭ አገር ለተማረ ሁሉ የሚለጠፍ ቁልምጫ መስሏት አልፋዋለች። ከዚያ ጎረቤታቸው አቅፋት እያለቀሰች፣ በለቅሶው መሀል ስለ ሆድ ድርቀቷ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከችላት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዲት ሴትዮ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የተቋጠሩ ደም ሥሮቿን አሳየቻት፤ ማየት አልበቃ ብሏት እንድትዳብሳቸው እጇን ይዛ ጎተተቻት። የዚያ ቆዳ ወዝ እስካሁን ጣቷ ላይ ያለ ይመስላታል።

ባለታክሲውን ከነምላሱ ትታው ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቷ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ስኒ ታጥባለች።

«እማዬ፣ ሰዉ ምን ነክቶታል? ለምንድን ነው ሐኪም የሚሉኝ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኛ! እኔ የሄድኩት ሥነ ጽሑፍ ልማር ነው። ለአንድ ዓመት። እንግዳ ተማሪ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አባዬም ያውቃል። ሻንጣዬን ጉልበቱን ጭኖ የዘጋልኝ እሱ አይደል?»

«ያውቃል እንጂ» አለች እናቷ፤ ስኒውን ለቅለቅ አድርጋ ደፋችው። «መጀመሪያ እውነቱን ነበር የተናገረው። አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ‹ልጄ ሥነ ጽሑፍ ልትማር ባሕር ተሻገረች› አለ። ፊቱ ሳሙና የተቀባው ሰውዬ ከወንበሩ ላይ ሳቀና ‹ማንበብ እዚህ ጠፍቶ ነው?› አለው። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ አብሮ ሳቀ። አባትሽ ምላጩን ጠረገና ‹ለነገሩ ሕክምናም አብራ ትማራለች› አለ።» እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «በሳምንቱ ‹አብራ› የምትለዋ ቀረች።»

«አንቺስ እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ሰው ፀጉሩን ሳይሆን ያንቺን ወሬ ፍለጋ ይመጣ ጀመር። እሱም ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ሰፈሩ «እጀ ቀላል» ይለው ነበር፤ ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲሄድ አይሰማም። ባለ አንድ ወንበር ሱቅ፣ ግድግዳውን የሞላ መስታወት፣ የተቆረጠ ፀጉር ከሳሙና ጋር ተደባልቆ የሚሸትበት ወለል። ትንሽ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ጥግ ተቀምጣ ታነባለች፤ ደንበኛ ሲያንጎላጅ እሱ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ይጠቅስባትና «ጮክ በይ፣ እኔም ልስማ» ይላታል። ዛሬ ለቀስተኛው የተቀመጠባቸው አግዳሚዎች ከዚያው ሱቅ የመጡ ናቸው። በማንበቧ የሚኮራ አባት ያላት ይመስላት ነበር። ለካ በመስታወቱ ሲጠቅስባት አንድ ፊት፣ ለደንበኛው ሌላ ፊት ነበረው። ነገሩ አንገሸገሻት። በሞተ ሰው መናደድ አይቻልም፣ መጸየፍ ግን ይቻላል፤ ይህንን ባታውቀው ይሻላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰው በዛ። ባሕር ማዶ፣ ዩኒቨርሲቲዋ ውስጥ፣ ክረምቱ ላይ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አንዲት ገጽ ይዘው ሙሉ ጠዋት ተቀምጠው ያውቃሉ። አንድ አዛውንት በመስኮት በረዶ እያየ የሚሞትባት ገጽ ናት። መምህሯ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «ሞት እዚህ ጋ ምን ያህል ጸጥ ብሎ እንደገባ ተመልከቱ» አለች። እሷ፣ እንግዳዋ ተማሪ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆና፣ የማታውቀውን ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለገች፣ ከሁሉም ዘግይታ ገባትና ዓይኗ እንባ ሞላ። እንዴት ያምራል አለች። አሁን ሞት ቤቷ ገብቶ የካልሲ ሽታ፣ የማላመጥ ድምፅ፣ «ትንሽ ስኳር አቀብይኝ» ሆኗል። የጎረቤቷ ጣቶች የዳቦውን ልብ እየቆነጠሩ ቅርፊቱን ለጎን ያስቀምጣሉ። ያንን ሁሉ ታያለች፣ ከማየትም አልፋ ጭንቅላቷ ውስጥ በዓረፍተ ነገር ትሰካካዋለች፤ በዚህም ራሷ ለራሷ ቀፈፈቻት።

ጡረተኛው ፖስተኛ ሊያጽናኗት አጠገቧ ተቀመጡ። የአባቷ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ናቸው። ካፖርታቸው የቆየ ዝናብ ይሸታል። ስለ ሟች ጥቂት ካወሩ በኋላ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ደግሞ ምናቸውን ሊያሳዩኝ ነው ብላ ሸሸት አለች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና። ያቺ ከእህቷ ተጣልታ አንደበቷ የተዘጋው በሽተኛሽ እንዴት ሆነች?»

«ማ?»

«ያቺ ዳቦ ጋጋሪዋ። ዓመታት ሙሉ ትንፍሽ ያላለችው። አንቺ ጋ ተኝታ እየታከመች ነው ብሎን ነበር አባትሽ። ተናገረች?»

የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። ዳቦ ጋጋሪዋን ታውቃታለች። በበልጉ ማንበብ ከጀመረቻቸው ልቦለዶች በአንዱ ውስጥ ያለች ሴት ናት።

እሑድ እሑድ አባቷ ይደውላል። «ዛሬስ ምን አነበብሽ?» ይላታል። ታሪኩን ትነግረዋለች፤ እሱ በየመሀሉ «ያቺማ ሞኝ ናት!»፣ «ሰውየውስ ምን ይሁን?» እያለ ይፈርዳል። ሱቁን ዘግቶ ብቻውን ሲያዳምጥ ይታያት ነበር። ለካ ሰኞ ሲከፍት የልቦለዶቿን ሰዎች አንድ በአንድ ታምመው፣ አልጋ ይዘው፣ በልጁ እጅ ሲድኑ ለደንበኞቹ ይተርክላቸዋል። የመርከብ ጠጋኙን ልብ ሕመም፣ ባሏን ትታ የሄደችውን አስተማሪ እንቅልፍ ማጣት፤ ሁሉንም ፖስተኛው ከነምልክቱ ያውቁታል። ስም እንኳ አልሳቱም።

«አላወቅኩም» አለቻቸው። «መጽሐፉን... ማለቴ፣ እስከ መጨረሻ አልተከታተልኳትም።»

ሳቋ መጣ። አንዷንም ቃል ሳይጥል ሰምቷታል። ሰምቷት ሲያበቃ ባነበበችው አፍሯል።

በነጋታው አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ከሌላ ከተማ ደረሰች። ከደጅ ጀምራ እየጮኸች ገባች፤ ለቀስተኛው ተነስቶ ተቀበላት፣ አለቀሰ፣ አስለቀሰ። ቤቱ ትንሽ ረጋ ሲል አክስትየው አፍንጫዋን ጠረገችና ዓይኗን ልጅቷ ላይ ተከለች።

«አንቺ! እስቲ አሁን ለምን እንደሞተ ንገሪኝ።»

«ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ነበር። ሆስፒታል ሲወስዱት ዘግይቷል አሉ።»

«ማን አዘገየው? ስደውል ‹ድምፅህ ልክ አይደለም፣ ሐኪም ይየው› አልኩት። ‹ልጄ በስልክ አይታኛለች፣ ምንም አይደለም ብላለች፣ ሞቅ ያለ ውሃ አዛለችልኝ› አለኝ። ሐኪም ናት ብዬ አፌን ዘጋሁ! ወንድሜን በስልክ ቀበርሽው!»

ቤቱ ውስጥ ቡና የሚጠጣ ጠፋ። ከፊታቸው አወቀች፤ ይህ ለአንዳቸውም አዲስ ነገር አልነበረም። ምላሳቸውንና እግራቸውን እያሳዩ፣ ወደ አግዳሚው ሲመለሱ ይህንኑ ነበር ሲንሾካሾኩ የሰነበቱት።

ብላዋለች። ያን እሑድ ድምፁ ሻክሮ ነበር። «ጉንፋን ነው» አላት። «አይዞህ፣ ምንም አይደለም፣ ሞቅ ያለ ውሃ ጠጣ» አለችው፤ ማንኛዋም ልጅ ለአባቷ የምትለውን። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «እንደዛ ትያለሽ?» አላት። «አዎ» አለችው፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪዋ ለመቀጠል እየቸኮለች። ያ «እንደዛ ትያለሽ?» አሁን ገባት። በገዛ ውሸቱ አምኖ፣ ከራሱ ሐኪም መድኃኒት ተቀብሎ ነበር ስልኩን የዘጋው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለች ጮክ ብላ። «ሆኜም አላውቅም። ሥነ ጽሑፍ ነው የምማረው። ልቦለድ ነው የማነበው። አባዬ ነው ሐኪም ናት ያላችሁ።»

ባለታክሲው የጎረሰውን ዋጠ። «ሥነ ጽሑፍ የሚባለው ክፍል... ይሄ መድኃኒት የሚጽፉት ናቸው?»

«አሁን ስትያዝ ካደችው!» አለች አክስቷ። «ሟች ላይ ስታላክክ አያችሁልኝ? መልስ የማይሰጥ ሰው ላይ!»

«የሐኪምነት ወረቀቷን እንዳይነጥቋት ፈርታ ይሆናላ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሌላው «አይፈረድባትም» አለ፤ አዘነላት እንኳ።

ልጅቷ እናቷን አየች። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትፈልገው። እናቷ የሻሿን ጫፍ ወደ ውስጥ መለሰች፣ ደግማ መለሰችው፣ ከዚያም ባዶ ስኒ መሰብሰብ ጀመረች።

በጓሮ በር ወጣች። ቧንቧውን ከፍታ አፏን ተጉመጠመጠች፣ እጇን እስከ ክርኗ አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ባሏ እንዳይዋረድባት ልጇን የሰጠች እናት። ልጁን በሌለችበት የካደ አባት። ሐዘን ይሄ ከሆነ አልፈልገውም አለች። የነገውን አውሮፕላን ስታስብ ከኋላዋ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ሰማች።

ጡረተኛው ፖስተኛ ናቸው።

«ታዲያ ያቺ ጋጋሪ» አሉ፣ «የመጽሐፍ ሰው ናት ማለት ነው?»

«አዎ» አለቻቸው። ከቤት ሙሉ ሰው የሰሟት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አይ እጀ ቀላል!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ነበር እኮ። የዓይን ቆቧ ሲርገበገብ ሁሉ ነበር የሚያሳየን። ምላጩን ይዞ ቆሞ አፉን እንደሷ ይዘጋዋል፤ ሱቁ በሙሉ እስትንፋሱን ይይዛል። እኔማ ወንበሩ ላይ ሆኜ አልቅሼ ሳሙናውን አበላሽቼበታለሁ።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «እና የኔንም ነገር አንቺ አላየሽውም በይኛ።»

«የርስዎን ምን?»

ሻርፓቸውን ፈቱ። ከመንጋጋቸው ሥር፣ ለቀናት ያልተላጨ ጢም መሀል፣ የሎሚ ያህል እብጠት ወጥቷል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ጥቂት ፀጉሮች ተጠማዝዘው ቆመውበታል።

«እሱ ነው ሲላጨኝ ያገኘው። ‹እኔም አለብኝ፣ ውስጥ ነው እንጂ› አለኝ። ‹ልጄን ጠይቄልሃለሁ፣ ምንም አይደለም፣ ሞቅ ያለ ውሃ ጠጣ ብላለች።› እኔም ይኸው ጠዋት ማታ ስጠጣ ከረምኩ።»

 ሽታቸው፣ ላባቸው፣ ተማምኖ የተዘረጋው ያ አንገት፤ ሁሉም ወደ ኋላ ይገፋታል። እጇን አነሳችና ጣቶቿን እብጠቱ ላይ አሳረፈች። ጠንካራ ነው። አይንቀሳቀስም። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ እሷ የማታውቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ጣቷን ግን ቶሎ አላነሳችም። የአባቷ ጣቶች ከሳምንታት በፊት እዚሁ ቆዳ ላይ ነበሩ።

«ሻርፑን ይልበሱ» አለች። «ይነሱ፣ እንሂድ።»

«ቆሜ የለ እንዴ። ወዴት?»

«ሐኪም ያለበት።»

«ለቅሶ ጥለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

በቤቱ ዙሪያ ሳይሆን በመሀል ይዛቸው አለፈች። አክስቷ «ወዴት ነው ደግሞ?» አለች፤ እሷ መራመዷን ቀጠለች። ባለታክሲው ሥራ ያገኘ መስሎት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ተነሳ፣ በዓይኗ አስቀመጠችው።

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። መተላለፊያው በሰው ተጨናንቋል፤ መድኃኒትና እርጥብ ልብስ ይሸታል፤ አንድ ሕፃን ወለሉ ላይ አስታውኮ ትውከቱን ማንም አልጠረገውም። ነርሷ ስማቸውን ጻፈችና ተራ ጠብቁ አለቻቸው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፖስተኛው በሩን፣ ከዚያ መውጫውን፣ ከዚያ በሩን አዩ።

«ወረፋው ረጅም ነው» አሉ። «ነገ ብንመጣስ? ዛሬ ምንም አላመመኝም እኮ። እውነቴን ነው።» ሊነሱም መቀመጫቸውን ከፍ አደረጉ።

የካፖርታቸውን እጅጌ ያዘች። ጫፉ በቆሻሻ ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል፤ የቡና፣ የንፍጥ፣ ያልታወቀ ነገር ክምችት ነው። ሲነካት ሰውነቷ ተሸማቀቀ። በመዳፏ ዙሪያ አንዴ ጠቅልላ ጨበጠችው።

«አልሸሽም እኮ» አሉ እሳቸው፣ ወደ መቀመጫቸው እየተመለሱ።

 ከፊታቸው ያሉት አንድ በአንድ ገቡ፣ ወጡ። እንባዋ ሲመጣ በሌላኛው እጇ ጠረገችው። ነርሷ በሩን ከፍታ ስማቸውን ስትጠራም እጅጌውን አለቀቀችም፤ እንደያዘችው አብራቸው ገባች።