የአምስት ቁጥር ቦታ

መቂ ላይ ሽንኩርት በሚነሳበት ሰሞን አየሩ ራሱ ዓይን ያቃጥላል። ኑኃሚን ከአዳማ በመጣችበት ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ የደረሰችው እንባዋን እየጠረገች ነበር። ዘበኛው ቤቷ ናፍቋት የምታለቅስ መስሎት "አይዞሽ፣ ይለመዳል" አላት።

የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እጩ መምህር ከመመረቁ በፊት እውነተኛ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ይታያል፤ ለእሷ የደረሳት አራተኛ ክፍል፣ የመምህርት ሸዋወርቅ ክፍል ነው። ሸዋወርቅ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ክፍል ጸጥ የሚያሰኙ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን የሚጠሩት በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር ነው። "አንድ" ሲሉ የአንድ ባለቤት "አቤት" ይላል፤ "ሁለት" ሲሉ እንደዚያው።

ኑኃሚን የመጀመሪያ ቀን ከኋላ ቁጭ ብላ ታያለች። አምስት ላይ ሲደርሱ መልስ ጠፋ። ሴትዮዋ ግን ቀሪ ብለው አልጻፉም። ቀና ብለው የሁለተኛውን ወንበር ጥግ ትንሽ አዩት። ከዚያ "ስድስት" አሉ።

"አቤት" አለች ሑስና የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ከዚያው ወንበር። ሌላው ወንበር ላይ ልጆች ክንድ ለክንድ ተጣብቀው ሲቀመጡ፣ ከሑስና ጎን ግን የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው።

በእረፍት ሰዓት ጠየቀች። "እትዬ ሸዋወርቅ፣ አምስት ቁጥር ትምህርት አቋርጦ ነው?"

"ካሚል ነበር። አምና ኳስ ላወጣ ብሎ ከአጥሩ ማዶ ያለው ኩሬ ውስጥ ገባ፣ የሽንኩርቱን ውሃ የሚያጠራቅሙበት ውስጥ። ጥቁር ላስቲክ አልብሰውታል፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። ልውጣ ቢል ምኑን ይጨብጥ?"

"ነፍስ ይማር። ታዲያ ከመዝገብ አልተሰረዘም?"

"ስሙ ተሰርዟል። ቁጥሩን ነው ያልነካሁት።" ሸዋወርቅ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። "አንድ ሰሞን ዘለልኩት። ወንበሩ እየረጠበ አስቸገረን። ስጠራው አርፎ ይቀመጣል።"

ኑኃሚን ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። "ጣሪያው እያፈሰሰ ይሆናላ።"

"በበጋ?" አሉና ተነስተው ሄዱ።

ከኮሌጁ የሚመጣው ገምጋሚ፣ መምህር ሰይፈሚካኤል፣ ሐሙስ ይደርሳል ተባለ። ኑኃሚን ለዚያ ቀን ያዘጋጀችው አስማታዊ ካሬን ነው። ዘጠኝ ክፍል ያለው ካሬ ይሠራና ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች በየክፍሉ ይገባሉ፤ ወደ ጎን ብትደምረው፣ ወደ ታች ብትደምረው፣ ከጥግ ወደ ጥግ ብትደምረው አሥራ አምስት ነው። መሃሉ ላይ የሚገባው አምስት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት ማንም ያደርገዋል። እሷ ግን ልጆቹን ራሳቸውን ቁጥር ላደርጋቸው ብላ አሰበች። ከፓስታ ካርቶን ካርድ ቆረጠች፤ ሲባጎ አስገባችበት፤ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ እንደ ሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ አድርጋ ካሬውን በጠመኔ ሠራች።

ማክሰኞ ለልምምድ አስወጣቻቸው። ሸዋወርቅ የደም ግፊታቸውን ሊታዩ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር።

"ዛሬ ስም የለም" አለቻቸው። "ቁጥራችሁ ነው ስማችሁ። ቁጥር ሲጠራ ባለቤቱ አቤት ይላል።"

ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ልጆች የገዛ ተራ ቁጥራቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። እጇ ላይ አምስት ቀረች።

"ሑስና፣ ነይ አምስትን አንቺ ያዢ። ስድስትን ያቤጽ ይይዝልሻል።"

ልጅቷ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። "ቲቸር፣ የሰው ነው።"

"ካርቶን ነው እንጂ ምን የሰው አለው።"

"ይቀየመኛል።"

"ቁጥር አይቀየምም፣ የኔ እናት። መሃሉ ባዶ ከሆነ ካሬው አይሞላም፤ ሐሙስ በሰው ፊት ልታሳፍሪኝ ነው?"

"ቲቸር፣ እኔ የጫማ ቁጥሬ ሠላሳ አራት ነው" አለ ያቤጽ። "ቁጥር ካነሰ ልስጥዎት።"

ልጆቹ ሳቁ። ሑስና አልሳቀችም። ኑኃሚን ሲባጎውን ራሷ አንገቷ ላይ አጠለቀችላትና ትከሻዋን ይዛ መሃል አቆመቻት። ደመሩ፤ በየትም በኩል አሥራ አምስት ሆነ። አጨበጨቡ። ካርዶቹን ስትሰበስብ አምስት የለችም። ሑስና እንዳጠለቀች ወደ ቤቷ ሄዳለች።

በማግስቱም ሸዋወርቅ አልመጡም፤ ስም የመጥራቱ ሥራ የኑኃሚን ሆነ። እየጠራች አምስት ላይ ደረሰች።

"አቤት" አለች ሑስና።

ካርዷ አንገቷ ላይ ናት። ፀጉሯ አሁን ከውሃ እንደወጣ ሰው ተጣብቋል።

"ሑስና፣ ጨዋታው እኮ ትናንት አለቀ።"

ልጅቷ ዞር ብላም አላየቻት። ኑኃሚን ነገር ላለማብዛት ብላ ቀጠለች። "ስድስት።"

"አቤት።"

የመጣው ከባዶው ጥግ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ውሃ የቀረበት የወንድ ልጅ ድምፅ። አንድም ልጅ አልዞረም፤ ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። የወንበሩ እንጨት ሲጠቁር፣ እርጥበቱ ሲሰፋ፣ ከዳር ጠብ ጠብ ሲል ኑኃሚን ቆማ አየች።

"ቲቸር" አለ ያቤጽ ዝግ ብሎ፣ ዛሬ ቀልድ የለውም፣ "የሱን ቦታ ሰጡበት። እሱ ደግሞ የሷን ወሰደ።"

ለእረፍት ደወል ሲደወል ኑኃሚን ዓይኗን ከሑስና አልነቅልም ብላ ነበር። ልጆቹ በሩ ላይ ተጋፉ፤ ግፊያው ሲያልቅ ልጅቷ የለችም። ግቢው ውስጥ የለችም፤ መጸዳጃ ቤት የለችም። አጥሩ ላይ እሾሁ ከተገለጠበት ቦታ ከካርዷ ሲባጎ የተመዘዘ ክር ተንጠልጥሏል።

ጠራራ ፀሐይ ነው። ሽንኩርት ለቃሚዎቹ ሩቅ ናቸው፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር ዱግ ዱግ ይላል። ኑኃሚን ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ሑስና ኩሬው አፋፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ላስቲኩ ላይ ዘርግታለች፤ ቀስ እያለች፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ወደ ታች ትንሸራተታለች።

"ሑስና።"

አልዞረችም።

"ስድስት" አለች ኑኃሚን፣ ሌላ ምን እንደምትል ጠፍቷት።

"አቤት" አላት ያው የልጅ ድምፅ ከጆሮዋ ሥር። ማጅራቷ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አረፈ።

"አምስት።"

"አቤት" አለች ሑስና ውሃውን እያየች፤ ደግሞ ትንሽ ወረደች። እግሯ ውሃ ነካ።

ኑኃሚን ያኔ ገባት። በጠራች ቁጥር የምታጸናው ራሷ የሠራችውን ስህተት ነው። አፈሩ ላይ በደረቷ ተኛችና እጇን ዘርግታ የልጅቷን የሹራብ አንገት ያዘች።

"ካሚል" አለች። አምና ከተሰረዘ ወዲህ እሱን በዚያ ስም የጠራው ማንም የለም። "ካሚል፣ ቁጥርህ ያንተው ነው። ሳልጠይቅህ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሷ እምቢ ብላኝ ነበር።"

ሞተሩ ቀጥ አለ። ኑኃሚን ካርዷን ከሑስና አንገት አውልቃ ወደ ኩሬው ወረወረቻት። ካርቶን ነው፤ መንሳፈፍ ነበረበት። ውሃውን እንደነካ ግን ልጅ ከልጅ እጅ ሲነጥቅ እንደሚያደርገው ላፍ ተደርጎ ወደ ታች ሄደ። ሑስና ጩኸቷን ለቀቀች፤ የኑኃሚንንም ክንድ በሁለት እጇ አንቃ ያዘች። እየተንፏቀቁ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሸዋወርቅ ቤት ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ አልተቆጧትም።

"ነገ ጥሪውና ጠብቂው። ብዙ አያስጠብቅም።"

"ትምህርቱስ፣ እትዬ? አምስት ከሌለች ካሬው አይሠራም።"

"ታዲያ ሌላ አስተምሪያ።"

ይህን እንኳ እሺ አላለችም። ቁጭ ብላ ቁጥሮቹን ገለበጠቻቸው። ከአንድ መጀመር የግድ ማን አለ? ከስድስት ብጀምርስ? እያንዳንዱ ቁጥር ላይ አምስት ብትጨምር መሃሉ አሥር ይሆናል፤ ሁሉም መስመር ሠላሳ ይመጣል። አምስትን የሚነካ የለም። የልጆቹንም ተራ ቁጥር ሳታዛባ ከስድስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ማቆም ትችላለች።

ሐሙስ መምህር ሰይፈሚካኤል ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ከኋላ ተቀመጠ። ኑኃሚን ጥሪ ጀመረች። አምስት ላይ ጠብቃ ዝም አለች።

"ቀሪ ነው?" አለ መምህሩ።

"አይደለም። የሚጠበቅ ነው።" ወደ ቀጣዩ አለፈች። "ስድስት።"

"አቤት" አለች ሑስና፣ በገዛ ድምፅዋ። ኑኃሚን ጥሪውን ጨረሰች።

በረንዳ ወጡ። ልጆቹ ካሬው ውስጥ በየቦታቸው ቆሙ፤ በመካከለኛው ረድፍ አሥራ አራት፣ አሥር፣ ስድስት። የላዩን ደመሩ፣ ሠላሳ። የታቹን ደመሩ፣ ሠላሳ። መምህሩ ፈገግ አለና የመሃሉን ረድፍ ራሱ ጠየቀ።

"አንተ፣ የመሃሉ ስንት ነው?"

ያቤጽ ዓይኑን ከሑስና ጎን ላይ ተክሏል። "ሠላሳ አምስት።"

"ደግመህ ደምር።"

"ሠላሳ አምስት ነው፣ ቲቸር።"

ሌላ ልጅ ጠየቀ፤ ሠላሳ አምስት አለው። ክፍሉ በአንድ አፍ ሠላሳ አምስት አለ። መምህር ሰይፈሚካኤል ወደ ኑኃሚን ዞረ። "አርሚያቸው እንጂ።"

ኑኃሚን አየች። ከሑስና ጎን፣ ከጠመኔው መስመር ውጪ፣ ደረቁ ሲሚንቶ ላይ የሁለት ባዶ እግር እርጥብ ምልክት አለ። እግሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጣቶቻቸው ወደ ካሬው ዞረዋል። ማረሟን ብታርም ምን እንደምትሰርዝ አወቀች።

"ልክ ናቸው" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው? አሥራ አራትና አሥር፣ ስድስት፣ ሠላሳ አይደለም?"

"ነው። የመሃሉ ግን ሠላሳ አምስት ነው።"

ሰውየው እስክሪብቶውን አወጣ። ከዚያ ቅጹ ላይ አጎንብሶ ጻፈ፤ የጻፈው በጎ እንዳልሆነ ከእጁ አጣጣል ያስታውቃል። ኑኃሚን አልተከራከረችም፤ ቃሏንም አላጠፈችም።

ልጆቹ ወደ ክፍል ተመለሱ። ያቤጽ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ማንም ሳይኖር፣ አንድ ሰው አሳለፈ። ሑስና ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች፤ እንዳይረጥብባትም የቀሚሷን ጠርዝ ሰብሰብ አድርጋ ቦታውን ለቀቀችለት።