ወረደች ወይስ ቆመች?

አክስቴ ካምፓላ፣ ዋንዴጌያ ሰፈር ያለውን መጻፊያ ቤቷን ስትከፍት ቁርጡን ነገረችኝ። «የዚህን ተማሪ ወረቀት ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሳይዘጋ ከተቀበሉት፣ ሁለተኛው ኮምፒዩተር ያንቺ ነው። ካልተቀበሉት ወደ ፎቶ ኮፒሽ!»

ፎቶ ኮፒ ማለት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ክዳን መክፈትና መዝጋት ነው። እኔ ደግሞ መቀመጥ አምሮኛል።

ተማሪው ሙሎንዶ ይባላል፤ የሚያጠናው ኬሚስትሪ ነው። ጽሑፉን ትናንት ጨርሼለታለሁ፤ የቀረው በኬሚካሎቹ ስም ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች ከፊደሉ ግርጌ ማውረድ ብቻ ነው። ማጅራቴ ላይ ይተነፍስብኛል።

«ሁለቷ ወረደች?»

«ወረደች፣ ሴቦ።» ስዋሽ ትህትና ይመጣልኛል፤ «ጌታዬ» ማለቴ ነው።

«የታለች የወረደችው? አሳነስሻት እንጂ! ከኤች እግር ሥር ነው የምትገባው!»

ቁጥሯን በማውስ አጥቁሬ፣ ኮንትሮልን ይዤ የእኩል ምልክቷን ስነካ ዝቅ አለች። ማውሱ ትንሽ ከተንሸራተተ ግን ጎረቤቷ ፊደልም አብራ ትሰምጣለች። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ላይ ነው፤ የትኛዋ እንደምትወርድ በምን አውቄ? እሱ «ታች! ተያት! ታች!» ይላል፣ ጣቴ ይሮጣል።

«ሰውዬ፣ ሊፍት ነኝ እንዴ?»

ልንጨርስ ስንል የሰፈሩ ሽማግሌ ጃጃ ካሱሌ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። እኛ ጋ ሴት ልጅ ለትልቅ ሰው ሳትንበረከክ ሰላም አትልም። አክስቴ በዓይኗ ወለሉን አሳየችኝ። ከወንበሩ ዱብ አልኩ፤ ጉልበቴ የኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ አረፈ። ሶኬቱ ተነቀለ፤ ስክሪኑ ጭልም አለ።

«ወይኔ እናቴ!» አለ ሙሎንዶ።

ጃጃ ግን አልቸኮሉም። «በርቺ ልጄ። አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ጃጃ።»

«ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል?»

ሳይጨርሱ መነሳት ነውር ነው። «ዝናቡ ጥሩ ነው» እያልኩ በእጄ ጠረጴዛው ሥር ሶኬቱን ዳበስኩ። ሙሎንዶ በአንድ እግሩ ይዘላል።

«ሽንቱ መጥቶ ነው?» አሉ ጃጃ።

ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ጽሑፉ አለ፤ ከምሳ በኋላ ያወረድኳቸው ቁጥሮች ግን ሴቭ ስላላደረግኳቸው በሙሉ ተመልሰው ቆመዋል። ሙሎንዶ ራሱን ያዘ።

«ታች...» ሲል አቋረጥኩት።

«ዝም በል፣ ገብቶኛል! ከፊደሉ ኋላ ያለችው ትወርዳለች፣ ከፊት ያለችው ትቆማለች። አንተ ሂድና ሞተር ጥራ!»

የመጨረሻውን ገጽ ከማተሚያው ገና ትኩስ ሳለ መንጭቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። በር ላይ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ የጃጃን መታወቂያ ገልብጬ ኮፒ አደረግኩ፣ እንደገና ወጣሁ። አክስቴ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሰዓቷን ታያለች።

ስልኩ ጮኸ። «ተቀበሉኝ! በሩን ሲቆልፉ ደረስኩባቸው!» የሙሎንዶ ድምፅ ነው።

«በይ ተቀመጪ» አለች አክስቴ።

ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ደግሜ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ወንበሬን እየሞከርኩት ነው።»