ከጣሪያው ሥር

ተቋራጩ ሕንጻውን ባስመረቀ ቀን አዲሱን የግንባታ ሕግ ሲያማርር የሰማ፣ ቤቶቹን ከገዛ ኪሱ ሠርቶ ያደለ ይመስለው ነበር። "ኃይል ቆጥቡ ብለው እኔን አራቆቱኝ! ለመስኮቱ ድርብ መስታወት፣ ለጣሪያው ሙቀት መከላከያ!" እያለ ዋጋውን ሰቀለው። ገዢዎቹም የሰቀለውን ከፈሉ። ከከፋዮቹ አንዷ ታናሽ እህቱ ነበረች።

ልብስ ሰፊ ናት። ከአባታቸው ቤት የደረሳትን ድርሻ ሸጣ የመጨረሻውን ፎቅ የገዛችው ከአልጋ የማይነሱ እናታቸውን ይዛ ለመግባት ነው። "እናንተማ ከላይ ሆናችሁ አየር ትቀበላላችሁ" ብሏት ነበር፣ ምላሱ ማር ነው። የተቀበሉት ግን እሳት ነው። በጋውን ሙሉ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ክፍሉ ይግላል፣ ማራገቢያው ያንኑ ትኩስ አየር ያመላልሳል፣ የመብራት ሂሳቡ ያስለቅሳል። እናትየው ከንፈራቸው ደርቆ ውሃ ውሃ ይላሉ። ሐኪሙ መጥቶ አይቶ፣ "በዚህ ሙቀት ከሰነበቱ ልባቸው አይችለውም" አላት።

በማግስቱ የተቃጠለ አምፖል ልትቀይር ጠረጴዛ ላይ ወጣች። በአምፖሉ ዙሪያ ባለው ቀዳዳ የመጥረጊያውን እንጨት ወደ ላይ ብትሰድ ቆርቆሮውን አገኘችው። ከኮርኒሱ በላይ መከላከያ ቀርቶ የጭድ ብናኝ እንኳ አልነበረም።

ግራውንድ ላይ ወደሚገኘው የወንድሟ ቤት ወረደች። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ፊቷን ዳሰሳት። ለናሙና የታየው ይህ ቤት ነበር። የሕጉን መከበር ሊያረጋግጥ የመጣው ተቆጣጣሪ ደረጃ መውጣትን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ስለሆነ፣ ይህን አይቶ፣ መስታወቱን ኳ ኳ አድርጎ፣ ለሕንጻው ሁሉ ፈርሞ ሄዷል።

"ወንድም ጋሼ፣ ጣሪያዬ ውስጥ ምንም የለም።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ አያት። "ወጪው ናረብኝ እኮ! ከአንድ ቦታ መቀነስ ነበረብኝ።"

"ከእማዬ ላይ?"

"ታዲያ ከባዳ ላይ ልቀንስ? ባዳ ይከሰኛል። አንቺ እህቴ ነሽ፣ ትችይኛለሽ ብዬ ነው።" ውለታ የዋለላት ይመስል ፈገግ አለ።

ተመልሳ ደረጃውን ወጣች። ጥቂት ቆይታ ከጎረቤቶቿ ጋር እናቷን ከነፍራሻቸው ተሸክማ ተመለሰችና የወንድሟ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው።

"አብደሻል? እኔስ የት ልደር ነው?"

ቁልፏን እጁ ላይ አስቀመጠች። "ከላይ። አየር ትቀበላለህ።"

እናትየው ዓይናቸውን ገለጡ። "የማን ቤት ነው?"

"የልጅሽ ነው፣ እማዬ።"

ቀዝቃዛውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱና ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። "ይሄ እያለህ?" አሉት።

ያ አፈ ጮሌ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ደረጃውን ወጣ።

በሁለተኛው ቀን ሠራተኞች የመጨረሻውን ፎቅ ኮርኒስ ከፍተው መከላከያውን ሲጠቀጥቁ ዋሉ። በጋውን ሙሉ የዘለቀው የእናቱ ስቃይ ያላስወጣውን ወጪ፣ የራሱ የአንድ ቀን ላብ አስወጣው።